የጥንታዊ የባሕር ተሳቢ ስብርባሪ አጥንት ማንነት እንዴት ይታወቃል? ከሰቨርን ዳርቻ የተገኙ መንጋጋዎች እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ከጥንታዊ የባሕር ተሳቢ እንስሳት ቅሪት አብዛኛው የሚገኘው በሙሉ አጽም ሳይሆን በስብርባሪ መልክ ነው። ይህ ጽሑፍ የስብርባሪ አጥንት ማንነት የሚወሰንበትን መንገድ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሰቨርን ወንዝ መውጫ አካባቢ በተገኙ የትሪያሲክ ዘመን መጨረሻ አጥንቶች የጥናት ታሪክ አማካይነት ይመረምራል። ከእነዚህ አጥንቶች ከፊሎቹ ከ150 ዓመት በላይ የየብስ እንስሳት የእግር አጥንት እንደሆኑ ሲታሰቡ ቆይተው፣ በ2018 እና በ2024 በታተሙ ጥናቶች የግዙፍ ኢክትዮሰር የመንጋጋ አጥንት መሆናቸው ተመልክቷል። ጽሑፉ የአጥንቱን ውጫዊ ቅርጽ፣ ውስጣዊ ኅብረ ሕዋሱን እና የተገኘበትን የድንጋይ ንብር የሚመለከቱትን ሦስት የማስረጃ ዓይነቶች ይለያል፤ እያንዳንዱ ምን ያህል ድምዳሜ መሸከም እንደሚችልም ይመዝናል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የአጥንቱ ማንነት፣ የእንስሳው ስያሜ እና የአካሉ መጠን በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ሊነገሩ የማይችሉ ሦስት የተለያዩ ድምዳሜዎች ናቸው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅሪተ አካል፣ ኢክትዮሰር፣ ሱራንጉላር፣ የአጥንት ኅብረ ሕዋስ፣ ትሪያሲክ

1. መግቢያ

የቅሪተ አካል ጥናት ለብዙ ሰው የሚታወቀው በሙዚየም አዳራሽ ውስጥ በቆመ ሙሉ አጽም ነው። በመስክ ላይ የሚያጋጥመው ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አንድ የባሕር እንስሳ ሲሞት ሥጋውን ሌሎች ይመገቡታል፤ አጥንቱን ሞገድ ይበትነዋል፤ ደለል ከሸፈነው በኋላም ከላዩ የሚከመረው ንብር ክብደት ይጨፈልቀዋል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ድንጋዩ ወደ ገጸ ምድር ሲወጣ ደግሞ ውኃና ነፋስ ይሸረሽሩታል። በመሆኑም ተመራማሪው እጅ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጫፎቹ የጠፉ፣ ገጹ የተፋቀ፣ ከአካሉ የተነጠለ አንድ ቁራጭ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ቁራጭ ተነሥቶ «ይህ የእገሌ እንስሳ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ስሕተቱም የአንድን ናሙና መለያ ጽሑፍ ብቻ የሚያዛባ አይሆንም። አንድ ትልቅ አጥንት በስሕተት ለዳይኖሰር ከተሰጠ፣ ዳይኖሰሮች መቼ ግዙፍ ሆኑ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይዛባል፤ በዚያው መጠን የባሕር እንስሳት ታሪክ አንድ ምስክር ያጣል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ስብርባሪ አጥንት የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች

አንድ ቁራጭ ሲገኝ ጥያቄዎቹ በቅደም ተከተል ሊነሡ ይገባል። የመጀመሪያው «በእርግጥ አጥንት ነው ወይ?» የሚለው ነው። በባሕር ዳርቻ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ አጥንት የሚመስሉ የረጉ የማዕድን እብጠቶችና ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የእንጨት ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ልዩነቱ በተሰበረው ገጽ ላይ ይታያል። አጥንት ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ ንብር፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ክፍል አለው። እንጨት የዕድገት ቀለበትና ቀጥ ያለ የቃጫ መሥመር ያሳያል፤ የማዕድን እብጠት ግን ከሁለቱ አንዱንም አያሳይም።

ሁለተኛው ጥያቄ «የየትኛው የአካል ክፍል ነው?» የሚል ነው። ለዚህ የሚረዱት የመገጣጠሚያ ገጾች፣ የደም ሥርና የነርቭ ማለፊያ ቀዳዳዎች፣ ጡንቻ የሚያርፍባቸው ሸካራ ቦታዎች እንዲሁም አጥንቱ በተለያየ ቦታ ሲቆረጥ የሚያሳየው ቅርጽ ናቸው። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች በብዛት የሚገኙት በአጥንቱ ጫፎች ላይ መሆናቸው ነው፤ ቀድመው የሚጠፉትም ጫፎቹ ናቸው።

ሦስተኛው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዳንድ የአካል ክፍሎች ለዚህ መልስ ለመስጠት እጅግ የተመቹ ናቸው። ለምሳሌ ከባሕር ተሳቢዎች የአከርካሪ አጥንት አንዲቱ ብቻ ብትገኝ እንኳ ብዙ ትናገራለች። የኢክትዮሰር አከርካሪ አጥንት አጭርና ክብ፣ በሁለቱም ገጾቹ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ዝርግ ቅርጽ አለው። የፕሌሲዮሰር አከርካሪ አጥንት ጉድጓዱ ጥልቅ ያልሆነ ሲሆን፣ በታችኛው ገጹ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት የደም ሥር ቀዳዳዎች ይለዩታል። የሞዛሳወር አከርካሪ አጥንት ደግሞ ከፊቱ የጎደጎደ፣ ከኋላው እንደ ኳስ የወጣ ነው። በአንጻሩ ረጅምና ሞላላ ዘንግ የሚመስሉ አጥንቶች ይህን ያህል ተናጋሪ አይደሉም። የእግር አጥንት መካከለኛ ክፍል፣ የጎድን አጥንት ቁራጭ እና የመንጋጋ አጥንት ቁራጭ በመጀመሪያ እይታ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሰቨርን አካባቢ አጥንቶች ለረጅም ጊዜ ያከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ጥያቄ «ከየትኛው የድንጋይ ንብር ወጣ?» የሚለው ነው። ንብሩ ዕድሜውንና የጥንቱን አካባቢ ሁኔታ ይነግረናል፤ ነገር ግን ብቻውን ማንነትን አይወስንም። የየብስ እንስሳ በድን በወንዝ ተወስዶ ባሕር ውስጥ ሊቀበር ይችላል። በትሪያሲክ መጨረሻ በአውሮፓ የተከማቹት፣ አጥንት የበዛባቸው ስስ ንብሮችም የየብስና የባሕር እንስሳትን ቅሪት ቀላቅለው የያዙ ናቸው። ስለዚህ «በባሕር ንብር ስለተገኘ የባሕር እንስሳ ነው» የሚለው አባባል ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

3. የኦስት ገደል አጥንቶች፦ የረጅም ጊዜ ግምት

በእንግሊዝ ግሎስተርሻየር፣ በሰቨርን ወንዝ መውጫ ላይ፣ ኦስት የተባለ ገደል አለ። ከዚህ ገደል የተገኘ አንድ ትልቅ ሞላላ አጥንት በ1850 በሳሙኤል ስተችበሪ ተገለጸ። ከዚያ በኋላም ከዚሁ ቦታ ሌሎች ተመሳሳይ ትልልቅ ቁርጥራጮች ወጥተዋል። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ፤ ጫፎቻቸው የሉም። የቀረው መካከለኛው ዘንግ ብቻ ነው።

እነዚህን አጥንቶች ያዩ ተመራማሪዎች በተለያየ ጊዜ የተለያየ ስም ሰጥተዋቸዋል። አንዳንዶች ስቴጎሰር ከተባሉት፣ አንዳንዶች ደግሞ ረጅም አንገት ካላቸው ሶሮፖዶች ወገን የሆኑ ዳይኖሰሮች የእግር አጥንት እንደሆኑ ገምተዋል፤ ሌሎች ምንነቱ ያልተለየ ዳይኖሰር ወይም ሌላ ተሳቢ ብለው አልፈዋቸዋል። ግምቶቹ እርስ በርሳቸው ቢለያዩም ከሥራቸው ያለው ሐሳብ አንድ ነበር፤ ይኸውም ወፍራምና ሞላላ የሆነ ትልቅ አጥንት የእግር አጥንት መሆን አለበት የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ ምክንያት አልባ አልነበረም። በየብስ ላይ የሚኖር ከባድ እንስሳ ክብደቱን የሚሸከመው በወፍራም የእግር አጥንት ነው፤ ተመራማሪው በየሙዚየሙ ያየውም እንዲህ ዓይነቱን አጥንት ነው። የጎደለው የንጽጽሩ ስፋት ነው። በዚያ ዘመን የዚህን ያህል ውፍረት ያለው የመንጋጋ አጥንት ያለው የባሕር እንስሳ አይታወቅም ነበር። ያልታወቀ ነገር ደግሞ ከንጽጽሩ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

በ2014 የታተመ የኅብረ ሕዋስ ጥናት ከኦስት አጥንቶች ስስ ቁራጮችን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ውስጣዊ መዋቅራቸው ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ መሆኑን አሳየ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ሆኖም ልዩነቱ የተተረጎመው ራሱን ችሎ ወደ ግዙፍነት ያደገ ያልታወቀ እንስሳ እንዳለ ተደርጎ ነበር። ማስረጃው በእጅ ነበር፤ የሚነጻጸርበት ተገቢ ናሙና ግን ገና አልተገኘም።

4. የሊልስቶክ መንጋጋ እና የንጽጽር ኃይል

በግንቦት 2016 ፖል ዴ ላ ሳል የተባለ ቅሪተ አካል ሰብሳቢ በሶመርሴት በሊልስቶክ ዳርቻ አንድ ትልቅ ቁራጭ አገኘ። ወደ ቦታው ተመልሶ ተጨማሪ ቁርጥራጮችን ፈልጎ ሲገጣጥማቸው ርዝመቱ 96 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አጥንት ሆነ። አጥንቱ አሁንም ሙሉ አልነበረም፤ ነገር ግን ከኦስት አጥንቶች ይልቅ ብዙ መለያ ምልክቶችን ይዞ ነበር።

ዲን ሎማክስ፣ ጁዲ ማሳሬ እና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህ አጥንት ሱራንጉላር መሆኑን አመለከቱ። ሱራንጉላር ምን እንደሆነ ለመረዳት የተሳቢዎችን መንጋጋ አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። የእኛና የሌሎች አጥቢ እንስሳት የታችኛው መንጋጋ በእያንዳንዱ ጎን አንድ አጥንት ብቻ ነው። የተሳቢዎች ግን በእያንዳንዱ ጎን ከብዙ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። ሱራንጉላር ከእነዚህ አንዱ ሲሆን በመንጋጋው የኋላና የላይኛው ክፍል ይገኛል። በኢክትዮሰሮች ይህ አጥንት ረጅም ዘንግ ይመስላል። በመሆኑም ጫፎቹ ሲጠፉ የእግር አጥንት ሊመስል መቻሉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ውሳኔው የጸናው በንጽጽር ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በሲካኒ ቺፍ ወንዝ ዳር፣ ኤልሳቤጥ ኒኮልስ የመራችው ቡድን 21 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአንድ ግዙፍ ኢክትዮሰር ቅሪት አውጥቶ ነበር። እንስሳው በ2004 ሾኒሳውረስ ሲካኒየንሲስ ተብሎ ተሰየመ፤ በኋላም ሻስታሳውረስ በሚባለው ወገን ሥር ያስቀመጡት አሉ። ቅሪቱ የሚገኘው በአልበርታ፣ በሮያል ቲረል ሙዚየም ነው። ሎማክስ ወደዚያ ተጉዞ የሁለቱን እንስሳት ተመሳሳይ አጥንት ጎን ለጎን ሲመረምር የሊልስቶኩ ቁራጭ የግዙፍ ኢክትዮሰር ሱራንጉላር ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ አገኘ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው እርምጃ ለዘዴው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ በአዲሱ ናሙና ሳይወሰኑ ወደ አሮጌዎቹ የኦስት አጥንቶች ተመለሱ። የሊልስቶኩ አጥንት መካከለኛ ክፍል ከኦስት ዘንጎች ጋር ሲነጻጸር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም ከ1850 ጀምሮ በዳይኖሰር ስም የቆዩት ቁርጥራጮች የግዙፍ ኢክትዮሰሮች የመንጋጋ ስብርባሪ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አመለከቱ። ለዚህ የረዳው በሙዚየም ውስጥ ለ160 ዓመት ያህል የተጠበቀው ናሙና ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ነው ተብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ እርማት ሊደረግ አይችልም ነበር።

5. በአጥንቱ ውስጥ ያለው ምስክር

ውጫዊ ቅርጽ ብቻውን አሳሳች መሆኑን የኦስት አጥንቶች ታሪክ ራሱ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለተኛና ከመጀመሪያው ነጻ የሆነ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያቀረበው በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ጥናቱን ያካሄደው ማርቼሎ ፔሪሎ ነው። ከፕሮፌሰር ማርቲን ሳንደር ጋር በ2024 ያሳተመው ጥናት በእንግሊዝ የተገኙትንና በጀርመን ቦነንቡርግ በተባለ ቦታ የተገኙ ቁርጥራጮችን ጨምሮ በአውሮፓ የተገኙ የዚሁ ዘመን ትልልቅ አጥንቶችን በኅብረ ሕዋስ ደረጃ አነጻጽሯል።

የአሠራሩ መሠረት እንዲህ ነው። ከአጥንቱ ላይ አንድ ትንሽ ቁራጭ በመጋዝ ይወሰድና በመስታወት ላይ ተለጥፎ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይሞረዳል። ከዚያም ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ በሚያጣራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ሕያው አጥንት ከኮላጅን ቃጫና ከማዕድን የተሠራ ነው። ኮላጅኑ ከጊዜ በኋላ ቢጠፋም የቃጫዎቹ አቅጣጫ በማዕድኑ አቀማመጥ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ የደም ሥር ቦዮቹም ቅርጻቸውን ይዘው ይቆያሉ። በዚህም ምክንያት 200 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው አጥንት ምን ያህል በፍጥነት እንዳደገና ቃጫዎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ማንበብ ይቻላል።

በእነዚህ አጥንቶች ውጫዊ ንብር ውስጥ ረጃጅም የቃጫ ነዶዎች ከአጥንቱ ርዝመት ጋር ጎን ለጎን ተዘርግተው ተገኝተዋል። ይህ አደራደር በተለመደው የዳይኖሰር እግር አጥንት ውስጥ የሚታይ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዛሬ በኢንዱስትሪ ከሚሠራው፣ የካርቦን ቃጫዎች በሙጫ ውስጥ ከሚቀበሩበት ጠንካራ ቁስ ጋር አመሳስለውታል። ረጅም መንጋጋ በሚነክስበት ጊዜ የሚደርስበትን መታጠፍና መጠምዘዝ ለመቋቋም ይህ አሠራር ሊጠቅም እንደሚችልም ጠቁመዋል። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ገና መላምት ነው። የመጀመሪያው ግን በማይክሮስኮፕ የታየ እውነታ ነው። አንባቢ ሁለቱን ለይቶ ሊይዛቸው ይገባል።

የዚህ ጥናት ጥቅም መልሱ ብቻ አይደለም። ኅብረ ሕዋስ በአጥንቱ መካከለኛ ክፍል ውስጥ ስለሚገኝ ጫፍ የሌለው ቁራጭ እንኳ ሊመረመር ይችላል። ውጫዊው ቅርጽ በሚያጣው ቦታ ላይ ውስጣዊው መዋቅር ይተካዋል ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ ናሙናው መቆረጡ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት አጥንቱን መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና ቅርጹን በኮምፒዩተር መቅዳት ግዴታ ነው።

6. ሁለተኛው ግኝት እና የስያሜ ጥያቄ

የሊልስቶክ አጥንት በ2018 ሲታተም አዲስ የእንስሳ ስም አልተሰጠውም። ተመራማሪዎቹ ያሉት የግዙፍ ኢክትዮሰር መንጋጋ መሆኑን ብቻ ነው። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር። አንድ ልዩ ምልክት በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ሲታይ የዝርያው መለያ ነው ወይስ የዚያ ግለሰብ እንስሳ ጠባይ፣ ወይም ደግሞ ከተቀበረ በኋላ የመጣ መጨፍለቅ ነው የሚለውን መለየት አይቻልም።

በግንቦት 2020 በዚያው የሶመርሴት ዳርቻ፣ ብሉ አንከር በተባለ ቦታ፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅና አባቷ የሌላ ትልቅ አጥንት ቁርጥራጮችን አገኙ። ግኝቱን ለሎማክስ አሳወቁ፤ በተከታታይ ፍለጋ የወጡት ክፍሎች ሲገጣጠሙ ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሱራንጉላር ሆኑ። ከሊልስቶኩ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ የተጠበቀ ሲሆን፣ ከተመሳሳይ ንብር፣ ማለትም ዌስትበሪ ከሚባለው የጭቃ ድንጋይ የወጣ ነው። ዕድሜው 202 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

አሁን ሁለት ናሙናዎች ተገኙ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አጥንት፣ ከአንድ አካባቢና ከአንድ ዘመን ናቸው፤ ተመሳሳይ ልዩ ቅርጽም ይዘዋል። ካናዳ ከተገኘው ግዙፍ ኢክትዮሰር ጋር ሲነጻጸሩ በቅርጽ ይለያሉ፤ በዘመንም 13 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይራራቃሉ። በዚህ መሠረት በሚያዝያ 2024 የታተመው ጥናት እንስሳውን ኢክትዮታይታን ሰቨርነንሲስ ብሎ ሰየመው። ትርጉሙ የሰቨርን ግዙፍ የዓሣ ተሳቢ እንደማለት ነው። አባትና ልጅም የጥናቱ ተባባሪ ጸሐፊዎች ሆነዋል። የኅብረ ሕዋሱ ምርመራ ደግሞ እንስሳቱ ሲሞቱ ገና በማደግ ላይ እንደነበሩ አመልክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል፦ ከአንድ ዓይነት አጥንት ብቻ ተነሥቶ አዲስ ወገንና ዝርያ መሰየም ተገቢ ነው ወይ? የተቃውሞው መሠረት ግልጽ ነው። ወደፊት የራስ ቅል ወይም አከርካሪ ብቻ ቢገኝ ከኢክትዮታይታን ጋር የሚያነጻጽሩት የጋራ አጥንት አይኖርም። በሌላ በኩል ስም የሌለው ናሙና በንጽጽር ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም፤ የኦስት አጥንቶች እንደደረሰባቸው ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ አመለካከት ስያሜውን ተቀባይነት ያለው የሚያደርገው የአጥንቱ ግዙፍነት አይደለም። ልዩ ቅርጹ በሁለት ግለሰብ እንስሳት ላይ መደገሙ ነው። ይህ ድግግሞሽ ባይኖር ኖሮ የ2018ቱ ዝምታ መቀጠል ነበረበት።

7. ስለ አካል መጠን የሚነገረው ድምዳሜ

ከሦስቱ ድምዳሜዎች በሕዝብ ዘንድ በስፋት የተነገረው መጠኑ ነው። የሊልስቶክ እንስሳ እስከ 26 ሜትር፣ ኢክትዮታይታን ደግሞ 25 ሜትር ያህል ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል።

የስሌቱ መንገድ ቀላል ነው። የሊልስቶክ አጥንት ከካናዳው እንስሳ ተመሳሳይ አጥንት በ25 በመቶ ያህል ይበልጣል። የካናዳው እንስሳ ርዝመት 21 ሜትር ከሆነ፣ 21 በ1.25 ሲባዛ 26.25 ሜትር ይሆናል። ስሌቱ የሚቆመው በአንድ ቅድመ ግምት ላይ ነው፤ ይህም የሁለቱ እንስሳት መንጋጋ ከአካላቸው ጋር ያለው ምጥጥን አንድ ነው የሚል ነው።

ይህ ቅድመ ግምት ትንሽ ቢለወጥ ምን ይሆናል? የእንግሊዙ እንስሳ መንጋጋ ከአካሉ አንጻር ከካናዳው በ10 በመቶ የሚበልጥ ነበር እንበል። ያኔ 26.25 ለ1.10 ሲካፈል ርዝመቱ 23.9 ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በክብደት ላይ ግን ውጤቱ የከበደ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ የሚያድግ አካል ክብደቱ ከርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይጨምራል። ርዝመቱ ከ26.25 ወደ 23.9 ሲወርድ የሚገመተው ክብደት በሩብ ያህል ይቀንሳል። በምጥጥን ላይ የተደረገ የ10 በመቶ ለውጥ በክብደት ላይ የ25 በመቶ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

ስለዚህ «ከሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ጋር የሚቀራረብ» የሚለው አገላለጽ በርዝመት ረገድ ተቀባይነት ያለው ግምት ቢሆንም፣ ወደ ክብደት ሲሻገር ማስረጃው ይሳሳል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በ2018 ቁራጭ መንጋጋ ብቻ በመሆኑ መጠኑን መገመት አስቸጋሪ መሆኑን አስታውቀዋል። ይህ ጥንቃቄ ከጥናቱ ወደ ዜናው ሲሸጋገር ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

ሦስቱን ድምዳሜዎች በደረጃ ማስቀመጥ ይቻላል። አጥንቱ የኢክትዮሰር መንጋጋ መሆኑ በቅርጽና በኅብረ ሕዋስ፣ ማለትም በሁለት ነጻ መንገዶች የተደገፈ በመሆኑ እጅግ ጠንካራው ነው። አዲስ ዝርያ መሆኑ በሁለት ናሙናዎች የተደገፈ መካከለኛ ድምዳሜ ነው። 25 ሜትር መድረሱ ደግሞ በአንድ ቅድመ ግምት ላይ የቆመ ስሌት ነው። ሙሉ አጽም ቢገኝ የመጨረሻው ሊሻሻል ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን የመናወጥ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

8. ለአገራችን ጥናት ያለው ፋይዳ

የኢትዮጵያ የቅሪተ አካል ጥናት በዓለም የታወቀው በሰው ዘር አመጣጥ ነው። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ለዚህ ዋና ምስክር ናት። በዚህም ምክንያት የባለሙያዎቻችን ሥልጠናና የንጽጽር ናሙናዎቻችን በአመዛኙ በአጥቢ እንስሳትና በቅርብ ሚሊዮን ዓመታት ላይ ያተኩራሉ። ይሁን እንጂ አገራችን ከዚህ በእጅጉ የሚቀድም የባሕር ታሪክ አላት። በመቀሌ ዙሪያና በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ሸፍኖ በነበረው ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው፤ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትና የኮራል ቅሪቶችም ይገኙበታል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ንብር የሚወጣ የአጥንት ቁራጭ በለመደ ዓይን ከታየ በስተ ኦስት የሆነው ሊደገም ይችላል፤ ማለትም ቁራጩ ከለመድነው እንስሳ ጋር ብቻ ይነጻጸራል። ይህን ለመከላከል አራት ነገሮች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ቁራጩ የወጣበትን ትክክለኛ ንብርና ቦታ ወዲያው መመዝገብ ነው፤ ከቦታው የተነጠለ አጥንት ግማሽ ምስክርነቱን አጥቷል። ሁለተኛ፣ ጥቃቅን ስብርባሪዎችን አለመጣል ነው፤ ሁለቱም የሶመርሴት መንጋጋዎች የተሟሉት ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው። ሦስተኛ፣ ማንነቱ ያልታወቀን ናሙና «ያልታወቀ» በሚል መለያ በክብር ማስቀመጥ ነው፤ ስም ባይኖረውም ቦታና ቀን ሊኖረው ይገባል። አራተኛ፣ ንጽጽሩን ማስፋት ነው። ሙሉ አጽም ያላቸው ሙዚየሞች ዛሬ የአጥንቶቻቸውን ቅርጽ በኮምፒዩተር ቀድተው ለሌሎች ማካፈል ስለጀመሩ፣ ይህ እንደ ቀድሞው ሩቅ መንገድ መጓዝን ሁልጊዜ አይጠይቅም።

9. መደምደሚያ

የሰቨርን አካባቢ አጥንቶች ታሪክ የሚያሳየው የቀደሙት ተመራማሪዎች ሰነፎች እንደነበሩ አይደለም። በእጃቸው በነበረው ንጽጽር መጠን ምክንያታዊ ግምት ሰጥተዋል። ግምቱን ለ150 ዓመት ያቆየው «ወፍራም ዘንግ የእግር አጥንት ነው» የሚለው ሐሳብ እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ነው። ግምቱ የፈረሰው ይበልጥ የተሟላ ናሙና፣ ሰፊ ንጽጽር እና ከቅርጽ ነጻ የሆነ የኅብረ ሕዋስ ምስክር በአንድነት ሲመጡ ነው።

የውጤቱም ትርጉም ቀላል አይደለም። አጥንቶቹ ከዳይኖሰር ወደ ኢክትዮሰር ሲዛወሩ፣ ከ201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የደረሰው የትሪያሲክ መጨረሻ የጅምላ ጥፋት ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ግዙፍ ኢክትዮሰሮች ገና በባሕር ውስጥ እንደነበሩ ታወቀ። ኢክትዮሰሮች ከዚያ ጥፋት ተርፈው ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቢኖሩም ይህን መጠን ዳግመኛ እንደደረሱ የሚያሳይ ቅሪት አልተገኘም። ይህ ሁሉ የታወቀው ጫፍ ከሌላቸው ጥቂት የመንጋጋ ዘንጎች ነው። ቁራጭ አጥንት ብዙ ሊናገር ይችላል፤ ተመራማሪው ደግሞ አጥንቱ ከሚናገረው አልፎ እንዳይናገር ኃላፊነት አለበት።